መጀመሪያ ሱቋ፣ ቀጥሎ ባሏ! የቻይና ታሪካዊ ድራማዎችና የማይቸኩለው ፍቅራቸው

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ፍቅር ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አንዳንድ ፊልም ላይ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ወንዱ በር ከፍቶ ይገባል፣ ሴቷ ቀና ትላለች፣ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፣ አለቀ! የሚቀጥለው ትዕይንት አልጋ ላይ ነው። ወደ ቻይና ታሪካዊ ተከታታይ ድራማዎች ስትመጡ ግን እንዲህ ያለ ጥድፊያ የለም። እዚያ ፍቅር በእግሩ ነው የሚመጣው። ዐሥር ክፍል ያልፋል፤ ሰላምታ ብቻ። ሃያ ክፍል ያልፋል፤ በዝናብ ጃንጥላ ያዘላት። ሠላሳኛው አካባቢ እጇን ሊይዝ ሲዘረጋ ሎሌው «ጌታዬ!» እያለ ይገባል። ተመልካች ሶፋው ላይ ሆኖ «ኧረ በቃ ንገራት!» እያለ ይቃጠላል።

ይህን የሚያየው ሰው ታዲያ ጥቂት አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የቀረቡትን የቱርክ ድራማዎች የለመደ ሰው ረጅም ታሪክ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። የቻይናዎቹ ግን አንድ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ የዛሬው ጽሑፋችንም በእሱ ላይ ነው። በእነዚህ ድራማዎች የሚዘገየው ፍቅሩ እንጂ ሴቷ አይደለችም። እሱ «ልንገራት ወይስ አልንገራት» እያለ ሲያመነታ እሷ ሂሳብ ትማራለች፣ ሻይ ቤት ትከፍታለች፣ የፍቺ ወረቀቷን ታስጨርሳለች። ፍቅሩ በመጨረሻ በሩን ሲያንኳኳ የሚያገኛት በራሷ ቤት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን አይቸኩሉም?

መቼም «ለማስታወቂያ ሲሉ ነው የሚያጓትቱት» የሚል አይጠፋም። ትንሽ እውነት አለው። በ2011 የወጣውና «የዠን ኋን ታሪክ» በሚል የሚታወቀው የቤተ መንግሥት ድራማ 76 ክፍል ነበር። በ2018 መጨረሻ የጀመረው «የሚንግላን ታሪክ» በቴሌቪዥን 73 ክፍል ታይቷል። ነገሩ መረን ሲለቅ የአገሪቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየካቲት 2020 «ድራማ ከ40 ክፍል ባይበልጥ ይመረጣል» የሚል ማሳሰቢያ አውጥቷል። ፍቅሩ ግን በ40 ክፍሉም ውስጥ ቢሆን ቀስ ማለቱን አልተወም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።

አንደኛው ምክንያት የምንጫቸው ነው። ከእነዚህ ድራማዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ በኢንተርኔት ላይ በየቀኑ እየተቆረሱ የወጡ ልብ ወለዶች ናቸው። በ2003 የተቋቋመው ጂንጂያንግ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ ለዚህ ስሙ የገነነ ሲሆን ጸሐፊዎቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴት ለሴት ስትጽፍ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «መልከ መልካም ነው ወይ?» ብቻ አይሆንም። «ያከብራታል ወይ? ስትቸገር የት ነበር?» የሚለውም ይመጣል። ለዚህ መልስ ጊዜ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ነው። የቻይና ቴሌቪዥን የመኝታ ቤት ነገር በግልጽ አያሳይም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዓይን፣ በእጅ፣ በዕቃ ይነገራል። አንድ ወጣት ለሴቷ ወለባ ሲሰጣት ተመልካቹ ለምን ልቡ ዝቅ እንደሚል ታውቃላችሁ? በድሮው ልማድ ሴት ልጅ 15 ዓመት ሲሞላት ጠጉሯ ተጠቅልሎ በወለባ ይያዛል፤ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች ማለት ነው። ለእጮኝነት ደግሞ ከሌላው ስጦታ ጋር ዝይ ይላካል፤ ዝይ ጓደኛውን አይለውጥም ተብሎ ስለሚታመን።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በዚያን ዘመን ለሴት ልጅ ፍቅር ውድ ነበር። ጋብቻ የወላጅና የአማላጅ ጉዳይ እንጂ የእሷ አይደለም። አንዲት የጨዋ ልጅ ከወንድ ጋር ብቻዋን ቆማ ከታየች ስሟ ጠፋ። እሱ ይረሳዋል፣ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ትከፍለዋለች። እንዲህ ባለ ዓለም ቀስ ማለት ራስን መጠበቅ ነው።

ሚንግላን፦ ከሠርጉ በኋላ የመጣ ፍቅር

«የሚንግላን ታሪክ» የሚያወራው ስለ ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አንድ የሹም ቤተሰብ ነው። ሚንግላን የቤቱ ስድስተኛ ሴት ልጅ ናት። እናቷ ቁባት ነበረች፤ በሌላዋ ቁባት ተንኮል በወሊድ ላይ እያለች ሞተች። ልጅቷ አንድ ነገር ተማረች፦ በዚህ ቤት ብልህ መሆኗ ከታወቀ አትኖርም። ያሳደጓት አያቷ ናቸው። የቤት አስተዳደሩን፣ የሂሳቡን መዝገብ፣ የሰውን ጠባይ ማንበቡን ከእሳቸው ተማረች። ከላይ ሲያዩዋት ዝም ያለች፣ ከውስጥ ግን ሁሉን የመዘገበች ልጅ ወጣት።

ልቧ መጀመሪያ የሄደው ቺ ሄንግ ወደሚባል የመስፍን ልጅ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ከልቡ ይወዳታል። ያውም ለዓመታት! ግን እናቱ «የቁባት ልጅ!» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ቆይቶም የአንድ ልዑል ቤተሰብ አስገድዶ ሌላ አጋባው። እሱ አለቀሰ፣ እሷም በድብቅ አለቀሰች። ፍቅር ነበረ፤ በፍቅሩ ላይ የመቆም አቅም ግን አልነበረም።

ያገባችው ሌላ ሰው ነው፤ ጉ ቲንግዬ። ስሙ የጠፋ፣ ከአባቱ ቤት የተባረረ፣ ከሌላ ሴት ሁለት ልጆች የወለደ። ያገባትም በዘዴ፣ ቤተሰቧን ሸፍጦ ነው። ይህን ስታውቅ በግና ጦፋለች። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ከብዙ ድራማ በተለየ ፍቅሩ ከሠርጉ በኋላ ነው የሚጀምረው! ቀን ቀን ግቢውን ታስተዳድራለች፣ የርስቱን ሂሳብ ትመረምራለች፣ አሽከር ትቀጣለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። ፍጹም ሚስት ናት። ባሏ ግን ደስ አይለውም። ለምን? ስለማትቀና! ሚስቱ ሥራዋን እየሠራች እንደሆነ፣ ልቧን ግን ቆልፋ እንደያዘች ገብቶታል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታዩ «ምን ነካት?» እንዳትሉ። በጥንቱ የቻይና ሕግ ባል ሚስቱን የሚፈታባቸው ሰባት ምክንያቶች ነበሩ። ወንድ ልጅ አለመውለድ አንዱ ነው። ለአማት አለመታዘዝ፣ አመንዝራነት፣ ሌብነት፣ ክፉ በሽታ አሉበት። ወሬ ማብዛትም አለበት! ሰባተኛው ቅናት ነው። አዎ፣ ባሌ ሌላ ሴት ያዘ ብሎ መቅናት ለመባረር ይበቃ ነበር። ታዲያ የሚንግላን አለመቅናት ትሕትና ብቻ ነው? እናቷ እንዴት እንደሞተች ያየች ልጅ ልቧን ለማን አምና ትስጥ? ጉ ቲንግዬ የሚያሸንፋት በአበባና በዘፈን አይደለም። ቀን በቀን፣ ነገር በነገር፣ ከቤተሰቡ ጋር ስትጣላ ከጎኗ በመቆም ነው። ያን ጊዜ ነው ቁልፉ ቀስ ብሎ የተከፈተው።

ፓንኧር፦ ሦስት ዓመት ጠብቃ የተከዳች

በ2022 ሰኔ የወጣው «የደመቀው ሕልም» ልንለው የምንችለው ባለ 40 ክፍል ድራማ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለው። ዣኦ ፓንኧር በቺየንታንግ ወንዝ አጠገብ ሻይ ቤት አላት። የምትወደው ተማሪ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሻይ ቤቷ ገቢ ቀለቡንም ትምህርቱንም ቻለች። ልጁ ዋና ከተማ ሄዶ የመንግሥቱን ታላቅ ፈተና በሦስተኛነት አለፈ። እሰይ! ከዚያስ? ከዚያማ የትልቅ ባለሥልጣን ልጅ ሊያገባ ነው። ለእሷ መልእክተኛ ላከ። ቀጥሎም «ቁባቴ ሁኚ» አላት።

ይህ ታሪክ ከቻይናም ሆነ ከሶንግ ዘመን ውጭ ስንት ጊዜ ተፈጽሟል ትላላችሁ? ስንቷ ናት አስተምራ ያስመረቀችው ጥሏት የሄደ!

ፓንኧር ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ዋና ከተማ ድረስ ሄዳ ፊት ለፊት ተፋጠጠችው። ከዚያም እዚያው ቀረች። ከእሷ ጋር ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ሱን ሳንኒያንግ፣ ግሩም ወጥ ሠሪ፣ ባሏ ከዘመዱ ጋር ሄዶባት ልጇም ፊቱን ያዞረባት፣ ውኃ ውስጥ ራሷን ጥላ ከሞት የተረፈች ናት። ሁለተኛዋ ሶንግ ዪንዣንግ፣ ባለ አራት ክር ፒፓ የምትጫወት አርቲስት፣ ገንዘቧን ፈልጎ ያገባት ሰው እየደበደበ ያሠቃያት ናት። ሦስቱ የተከዱ ሴቶች ገንዘባቸውንና ሙያቸውን አዋጥተው መጀመሪያ ሻይ ቤት፣ ኋላም ትልቅ ምግብ ቤት ከፈቱ። የቀጠሮ ቀን ይመስል ፉክክሩ፣ ሐሜቱ፣ ሹመኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባቸው።

በዚህ መሐል ነው ጉ ቺየንፋን የሚባለው የጸጥታ መኮንን ያለው። ከተማው የሚፈራው ሰው ነው። በእሷ ፊት ግን እንደ ተማሪ ልጅ ይርበተበታል። ከመጀመሪያው ክፍል ተያዩ፤ ግን ወደ ሠርግ ለመድረስ ስንት ጣጣ! እሱም አንዳንዴ ያመነታል፣ ይጠፋል። ያኔም ምግብ ቤቱ አይዘጋም። ልብ በሉ! ወንዱ ሲጠፋ ሱቁ ይከፈታል። ይህን ሁሉ ክፍል ተቀምጠን የምናየው ለዚች ለዚች ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንበል። ፓንኧር የመጀመሪያውን ሰው ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች። ቺ ሄንግም ሚንግላንን ለዓመታት ወዷታል። ሁለቱም ዘገምተኛ ፍቅር ነበሩ፤ ሁለቱም ከሸፉ። ስለዚህ ድራማዎቹ «ፍቅር ከዘገየ ጥሩ ነው» አይሉም። የሚሉት ሌላ ነው፦ ጊዜው ሲያልፍ ማን ምን እየሠራ ነው? በሦስቱ ዓመት ውስጥ እሷ ትሠራለች፣ እሱ ይበላል። በኋለኛው ፍቅር ግን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሁለቱም ለሌላው ዋጋ ይከፍላሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አበባ ሻጯና የፍቺ ወረቀቷ

በጥር 2025 የወጣ ሌላ ድራማ አለ፤ ባለ 32 ክፍል ሲሆን ተከታዩ ክፍልም በዚያው ዓመት ታይቷል። ዘመኑ ታንግ ነው፤ የዋና ከተማው ሀብታሞች ፒዮኒ ለሚባል ትልቅ አበባ የሚያብዱበት ዘመን። ሄ ዌይፋንግ የነጋዴ ልጅ ናት፣ አበባ ማልማት ታውቃለች። የተዳረችበት የሹም ቤተሰብ የፈለገው ሀብቷን ነው። እሷም ትታ ወጣች። ያለ ዘመድ፣ ያለ ቤት አበባ መሸጥ ጀመረች። ከጂያንግ ቻንግያንግ ጋር መጀመሪያ የሚያገናኛቸው ግጥም አይደለም፤ የንግድ ሽርክና ነው። እሱ ገንዘብና ከለላ፣ እሷ ሙያ። ፍቅሩ ከትርፍና ኪሳራው ሥር ቀስ ብሎ ይበቅላል።

«በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ፍቺ ታገኝ ነበር እንዴ?» ትሉ ይሆናል። የታንግ ሕግ ባልና ሚስት ካልተስማሙ በፈቃዳቸው እንዲለያዩ ይፈቅድ ነበር። ይህ ወሬ አይደለም። በ1900 በምዕራብ ቻይና ዱንኋንግ በሚባል ቦታ አንድ የታሸገ ዋሻ ተከፍቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ጽሑፎች ወጡ። ከእነሱ መሐል የፍቺ ወረቀት አጻጻፍ ናሙናዎች አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ባልየው ለምትሄደው ሚስቱ መልካም ባል እንዲገጥማት ይመኛል! ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ። ዛሬ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሰዳደቡ ባልና ሚስቶች ቢያነቡት ጥሩ ነበር።

እውነተኛዎቹ ሴቶች

ድራማ ድራማ ነው። ግን ከጀርባው የነበሩት እውነተኛ ሴቶች ታሪክ ከድራማውም ይብሳል።

የሶንግ ዘመኗን ባለቅኔ ሊ ቺንግዣኦን እንውሰድ። በ1084 ተወለደች። በቻይና ታሪክ የሴት ባለቅኔ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። የምትወደው ባሏ በ1129 ሞተ። በስደት ላይ እያለች በ1132 ሌላ ሰው አገባች። ሰውየው የፈለገው ያላትን ቅርስ ነበር፤ ይደበድባት ጀመር። እሷስ ምን አደረገች? ሹመቱን በማጭበርበር እንዳገኘ ታውቅ ስለነበር ከሰሰችው! ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ባሏን የከሰሰች ሚስት ክሷ እውነት ቢሆንም እንኳ ሁለት ዓመት ትታሰር ዘንድ ሕጉ ያዝ ነበር። እያወቀች ገባችበት። ሰውየው ተቀጣ፣ ጋብቻው በመቶ ቀን ገደማ ፈረሰ፣ እሷም ዘጠኝ ቀን ታስራ በዘመድ እርዳታ ወጣች። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ «እንዲህ ያለች ታላቅ ሴት ሁለተኛ ባል አላገባችም» ብለው ሊክዱላት ሞከሩ። ለእነሱ ነውሩ ዱላው ሳይሆን ዳግም ማግባቷ ነበር!

ሌላዋ ታን ዩንሺየን ናት። በሚንግ ዘመን በ1461 የተወለደች ሐኪም። ሙያውን ከአያቷ ተማረች። የጨዋ ቤት ሴቶች ሕመማቸውን ለወንድ ሐኪም ለመንገር ያፍሩ ስለነበር ወደ እሷ ይመጡ ነበር። በ1511 ያከመቻቸውን 31 ሕሙማን ጉዳይ በመጽሐፍ አወጣች፤ ከዘጠና ዓመት በላይም ኖራለች። በ2016 በእሷ ሕይወት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ድራማ ንጉሥ አፈቀራት ይላል። እውነተኛዋ ግን ንጉሥ አላስፈለጋትም፤ ስሟን ያቆየላት መጽሐፏ ነው።

ሦስተኛዋ የሻንሲ ክፍለ ሀገሯ ነጋዴ ዦው ዪንግ ናት። በቺንግ መንግሥት ማብቂያ ገና በወጣትነቷ ባሏ ሞተባት። የባሏን ቤት ንግድ ተረክባ አስፋፋችው። እቴጌ ጣይቱ ኢትዮጵያ ላይ በነበሩበት በዚያው ዘመን፣ በ1900፣ የቻይናዋ እቴጌ ሲሺ የውጭ ጦር ከቤጂንግ አስወጥቷቸው ወደ ሺያን ሲሸሹ ዦው ዪንግ ብር በመለገሷ ክብር አግኝታለች። በ2017 የወጣው ባለ 74 ክፍል ድራማ የእሷን ሕይወት መነሻ ያደረገ ነው።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ልብ እንበል። በሶንግ ዘመን ሴት ልጅ ስትዳር ከአባቷ ቤት ገንዘብ፣ አንዳንዴም መሬት ይዛ ትሄድ ነበር። ሀብቱ እንደ ራሷ ይቆጠራል፤ ባሏ ሞቶ ሌላ ብታገባ ይዛው ልትሄድ ትችል ነበር። ሚንግላንና መሰሎቿ በመዝገብ ላይ አቀርቅረው ሲያድሩ የምናየው ለዚህ ነው። በኋላ በዩዋን ዘመን ሕጉ ተለወጠ፤ በሚንግና በቺንግም ጸና። ዳግም የምታገባ መበለት ሀብቷን ለሟቹ ቤተሰብ ጥላ እንድትሄድ ተደረገ። ገንዘቧ ሲወሰድ ምርጫዋም አብሮ ተወሰደ። በአገሪቱ በወላጅ ግዳጅ ማግባትና ቁባት መያዝ በሕግ የቀረው፣ ሴቷም ፍቺ የመጠየቅ መብቷ የታወቀላት በግንቦት 1950 በወጣው የጋብቻ ሕግ ነው።

ሁሉም ግን ወርቅ አይደለም

አሁን ደግሞ ነቀፌታውን እንናገር፤ ያለዚያ ሚዛን አይሆንም።

አንደኛ፣ የድራማዎቹ ሴቶች ሲሮጡ፣ ፈረስ ሲጋልቡ ታያላችሁ። ከሶንግ ዘመን ጀምሮ ግን በጨዋ ቤት ሴት ልጅን እግር ጠፍሮ ማሰር እየተስፋፋ ሄዶ ነበር፤ መንግሥት ያገደው በ1912 ነው። ይህን ሥቃይ ስክሪኑ ላይ አታዩትም።

ሁለተኛ፣ ፓንኧር ራሷ ክርክር አስነሥታለች። ታሪኩ የተወሰደው ከዩዋን ዘመኑ ጸሐፌ ተውኔት ከጓን ሃንቺንግ ሥራ ነው። በዚያ ተውኔት ፓንኧር ሴተኛ አዳሪ ናት። ያም ሆኖ ጓደኛዋን ከሚደበድባት ባል በብልጠት የፍቺ ወረቀት አጽፋ የምታወጣት ጀግና ናት። የ2022ቱ ድራማ ግን «እሷስ ገላዋን ሸጣ አታውቅም» እያለ ደጋግሞ ይምላል። ብዙ የቻይና ተመልካቾች ተቆጡ። «ታዲያ ብትሸጥስ ኖሮ ክብር አይገባትም ነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው! በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን አዝማሪና ዘፋኝ ቤተሰቦች በመንግሥት መዝገብ ላይ እንደ ዝቅተኛ ተመዝግበው ውርደቱን ለልጅ ልጅ ያወርሱ ነበር። ይህን መዝገብ ለማስቀረት ትእዛዝ የወጣው በ1723 በንጉሥ ዮንግዠንግ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁልፍ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያድናት ባለሥልጣን ወንድ አለ። ሱቋ ሊዘጋ ሲል ሰይፍ የታጠቀው ሰውዬ ይደርሳል። ሰይፍ የታጠቀ ወዳጅ የሌላትስ?

ይሁንና ለውጡም አለ። በ2011ዱ የቤተ መንግሥት ድራማ ሴቶቹ ለአንድ ወንድ ሲሉ እርስ በርስ ይመራረዛሉ፤ መውጫ በር የለም። በኋለኞቹ ሴቶቹ ሱቅ አብረው ይከፍታሉ። ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን አለው?

እህቴ ሆይ፣ ምክር ነውና ውሰጂው። ይህን ሁሉ ክፍል ተቀምጠሽ ስታዪ የልብሱን ውበት ብቻ አይተሽ አትነሺ። ሦስት ነገር ያዢ።

አንደኛ፣ «ጠብቂኝ» የሚልሽን ሰው ጠብቂው፤ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አይሁን። ሙያሽን ተማሪ፣ የባንክ ደብተርሽ በስምሽ ይሁን፣ የፈረምሽበትን ወረቀት ቅጂ ያዢ። ቢመጣ ሁለት ትሆናላችሁ። ቢቀርም አንቺ አለሽ።

ሁለተኛ፣ ሰውየውን «አይሆንም» ስትይው እዪው። በቸርነቱ ቀን ሁሉም ጥሩ ነው። ስትከለክዪው የሚያኮርፍ፣ ሥራሽ ሲያድግ የሚከፋው ከሆነ ያ ሰው በሦስተኛው ክፍል ነው የተሰናበተው፤ አንቺ ገና አላወቅሽም።

ሦስተኛ፣ ጓደኞችሽን በወንድ ምክንያት አትጣዪ። ፓንኧርን ያቆማት መኮንኑ ብቻ አይደለም፤ ወጥ የምትሠራዋና ፒፓ የምትመታዋ ናቸው።

ወንድሜ ሆይ፣ ለአንተም አለ። መታገሥ ማለት ሶፋ ላይ ተቀምጦ «መቼ ነው እሺ የምትይኝ?» ማለት አይደለም። ጉ ቲንግዬ ሚስቱን ካገባ በኋላም ልቧን ለማግኘት ብዙ ደክሟል። ቀለበት አጥልቆ «አለቀ» የሚል ወንድ ገና አልጀመረም። እሷ ሱቅ ስትከፍት ቁልፉን አትቀማት፤ ሳጥኑን ተሸከምላት። ያኔ በሩን ራሷ ትከፍትልሃለች።